የቆዩ የተፈጥሮ ጽሑፎች በደን ነክ የድምጽ ዝግጅቶች

የቆዩ የተፈጥሮ ጽሑፎች በሬዲዮና በፖድካስት ዝግጅቶች ውስጥ የሚነበቡት፣ አንድ ደን በጸሐፊው ዘመን ምን ይመስል እንደነበር ለአድማጭ ለማስረዳት ነው። ለዚህ ከሚያመቹት መካከል የአሜሪካዊው ሄንሪ ዴቪድ ቶሮ (1817–1862 እ.ኤ.አ.) ሥራዎች ይገኙበታል። የቅጂ መብታቸው ስላበቃ ያለ ክፍያ ሊነበቡ ይችላሉ። በ2005 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ሊብሪቮክስም እንዲህ ያሉ መጻሕፍትን በበጎ ፈቃደኞች ድምጽ አስቀድቶ በነጻ ያቀርባል።

ለጆሮ የተዘጋጀ ጽሑፍ

ቶሮ ስለ ደን ዛፎች መተካካት የጻፈው ጽሑፍ መጀመሪያ በሴፕቴምበር 1860 እ.ኤ.አ. በኮንኮርድ፣ ማሳቹሴትስ፣ ለአካባቢው ገበሬዎች ያደረገው ንግግር ነበር። የፓይን ደን ሲቆረጥ በቦታው ብዙ ጊዜ ኦክ የሚበቅለው ለምን እንደሆነ ያስረዳል፦ ሽኮኮዎችና ወፎች የኦክን ፍሬ ወስደው በፓይኑ ሥር ይቀብራሉ፤ ፓይኑ ሲወገድ ቡቃያው ብርሃን አግኝቶ ያድጋል። ንግግሩ ዛፍ ያለ ዘር ይበቅላል የሚለውን የዘመኑን እምነት ይቃወማል።

ጥንቃቄ

የቆየ ጽሑፍ የዛሬውን ደን አይገልጽም። ቶሮ «ዋልደን» (1854 እ.ኤ.አ.) በተባለው መጽሐፉ የቼስትነት ፍሬ ለመልቀም ወደ ሊንከን ደኖች ይሄድ እንደነበር ይተርካል። በ1904 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ የታወቀው የፈንገስ በሽታ ግን በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠሩ የአሜሪካ ቼስትነት ዛፎችን አጠፋ። ዛሬም ከጉቶ የሚያቆጠቁጡት ቡቃያዎች አብዛኞቹ ሳያድጉ በበሽታው ይደርቃሉ። ምንባቡ ያለ ማብራሪያ ከቀረበ አድማጩ የጠፋውን ደን ዛሬም እንዳለ ሊቆጥረው ይችላል። ስለዚህ ጽሑፉ የተጻፈበትን ዓመት ከንባቡ በፊት መናገር፣ ከንባቡ በኋላም የተለወጠውን መግለጽ ያስፈልጋል። ከንባቡ ጋር የሚሰማው የወፍ ድምጽ በቅርብ ጊዜ የተቀዳ ከሆነም ይኸው ይነገራል።