ሩዙን እንጀራ ያደረገው ማን ነው?

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የተጓዘ ሁሉ ወረታን ያውቃታል። ወደ ደብረ ታቦርና ወልድያ የሚወስደው መንገድ የሚገነጠለው እዚያ ነው። በክረምት ብታልፉ ጉማራና ርብ ሞልተው ሜዳው ላይ ተኝተው ታያላችሁ። በኅዳር ብታልፉ ደግሞ ዓይናችሁ እስኪደክም ሩዝ ነው። የዛሬው ጽሑፌ ስለ ኮምፒዩተርና ማንበብ ስለሚያቅታቸው ልጆች ነው። ያለ ሩዙ ግን ልነግራችሁ አልችልም፤ ታገሡኝ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

መጀመሪያ ልጁን ላስተዋውቃችሁ። ፎገራ ሜዳ ላይ ስናድግ ሁለተኛ ክፍል አብሮኝ የሚማር አንድ ልጅ ነበር። ከብቱን ከሩቅ አይቶ የማን እንደሆነ ይነግራችኋል። ገበያ ውሎ ሲመጣ የእህሉን ዋጋ ከነሳንቲሙ ይዘረዝራል። መጽሐፍ ሲሰጠው ግን ላብ ያጠምቀዋል። ብልሃት ነበረው፤ ሌሎቻችን ስናነብ በጆሮው ይይዝና ተራው ሲደርስ ገጹን እያየ በቃሉ ይወጣዋል። አንድ ቀን መምህሩ ነቃበትና ሌላ ገጽ ገለጠለት። ልጁ ዝም አለ። ያን ቀን የቀመሰው አለንጋ ተረሳ፤ የወጣለት ስም ግን ቆየ፦ «ድንጋይ ራስ»። አራተኛ ክፍልን ሳይጨርስ ወደ ከብቱ ተመለሰ።

ይህ ልጅ ምን ነበረበት? ያየው ባለሙያ ስለሌለ እርግጡን አልናገርም። ግን እንዲህ ያሉ ልጆች በየአገሩ አሉ። አእምሯቸው ሙሉ ነው፤ ዓይናቸው ያያል፤ ጆሯቸው ይሰማል። የተጻፈን ምልክት ከድምፅ ጋር ማገናኘት ግን ዳገት ይሆንባቸዋል። ዲስሌክሲያ የሚባለው ይህ ነው። ከመማር እክሎች ሁሉ በብዛት የሚታወቀውም እሱ ነው።

የእኛ ፊደል ለእንዲህ ያለ ልጅ ደግም ክፉም ነው። ደግነቱ፣ እንደ እንግሊዝኛ ተጽፎ የማይነበብ ሆሄ የለበትም። ክፋቱ ብዛቱና መመሳሰሉ ነው። ሠላሳ ሦስቱ በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹን ሳንቆጥር። ሰ እና ሸ፣ ተ እና ቸ፣ ነ እና ኘ፣ ዘ እና ዠ የሚለዩት በትንሽ ጭረት ነው። ሀ፣ ሐ እና ኀ ደግሞ መልካቸው ሦስት፣ ድምፃቸው አንድ ነው። በዚያ ላይ መጥበቅና መላላት አይጻፍም። «ገና» ቢላላ «እስካሁን» ነው፤ ቢጠብቅ የልደት በዓል ነው። «ዋና» ሲላላ ወንዝ ውስጥ ነው፤ ሲጠብቅ አለቃ ነው። ጎበዝ አንባቢ ከዐረፍተ ነገሩ ይገምታል። ፊደል በመለየት የደከመ ልጅ ግን ለግምት የሚተርፍ ጉልበት የለውም።

በ2010 በአሜሪካ የልማት ተራድኦ ድርጅት ድጋፍ በአገራችን የንባብ ፈተና ተደርጎ ነበር። ከተፈተኑት የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም። እነዚህ ሁሉ የመማር እክል አለባቸው ማለት አይደለም፤ መጽሐፍ ያጡ አሉ፣ አስተማሪ ያጡ አሉ። ችግሩ፣ በዚህ ሁሉ መካከል እክሉ ያለበትን ልጅ ማንም አይለየውም። ሁሉም «ሰነፍ» ተብሎ አንድ ላይ ይታጨዳል።

የድሮው ትምህርት ቤት እንዲህ አልነበረም እንዳልል አለንጋው የት ሄዶ! ነገር ግን አንድ ነገር ነበረው። ሀ ሁን እንደ ዜማ የሸመደደውን ልጅ ለማወቅ ፊደሉን አሠራሩን ቀይሮ አቡጊዳ ያስቆጥረዋል። የቃሉን አውጥቶ ፊደሉን ያልለየ ልጅ እዚያ ይያዛል፤ ሲያዝ ግን አይባረርም፣ እንደገና በጣቱ እያስነኩ ያስቆጥሩታል። ከዚያም በላይ የጆሮ መንገድ ነበር፤ የቃል ትምህርት። በዚያ መንገድ ዓይነ ስውራን ሊቃውንት ድጓውንና ቅኔውን ይዘው ጉባኤ ዘርግተዋል። የእኛው ደቡብ ጎንደር የጋይንቷን ቤተልሔም የመሰለ የድጓ ቤት ያለው አገር ነው። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሲመጣ የዓይኑን መንገድ አሰፋ፣ የጆሮውን ዘጋ። ጓደኛዬ ያገኘው የጆሮ መንገድ ነበር፤ የተገረፈውም በእሱ ነው።

አሁን ወደ ሩዙ።

በ1970ዎቹ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ፎገራ መጡ። ሜዳው በክረምት የሚዋጥ በመሆኑ ውኃ የሚወድ እህል ይስማማዋል ብለው ጅግናና ሻጋ በተባሉ የአምራቾች ማኅበራት ሩዝ አስሞከሩ። ሙከራው የመንግሥት፣ ዘሩ የውጭ፣ ዕውቀቱም የውጭ ነበር። ከዚያ ኮሪያውያኑ ሄዱ። በ1990 ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ የአምራቾች ማኅበራቱ ፈረሱ። በአገራችን ልማድ ቢሆን ሩዙም አብሮ መቀበር ነበረበት።

አልተቀበረም። ገበሬው ዘሩን ጎተራው ውስጥ ይዞት ነበር። ከጎረቤት ጎረቤት ተሰጣጡት። ስሙንም እዚሁ አገኘ፤ እስከ ዛሬ «ኤክስ ጅግና» የሚባለው ዝርያ በቀበሌዋ ስም የተጠራ ነው። ገለባው ለፎገራ ከብት ሆነ። ወረታ የመፈልፈያ ከተማ ሆነች፤ በኋላም የብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል መቀመጫ ሆነች። ከሁሉ በላይ ግን ሴቶቻችን ሩዙን ከጤፍ ጋር ቀላቅለው እንጀራ ጋገሩት። ልብ በሉ፤ ኮሪያዊው እንጀራ አያውቅም። ሩዙን ያመጣው እሱ ነው፤ እንጀራ ያደረገው ግን የፎገራ እናት ናት።

ይህን ያዙልኝና ወደ 2008 እንሂድ። በዚያ ዓመት «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» ከተባለው የኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ፕሮጀክት ከ5 ሺህ በላይ አረንጓዴና ነጭ ትንንሽ ላፕቶፖች ወደ ኢትዮጵያ ገቡ። ውስጣቸው ያለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሊኑክስ ነበር፤ ማለትም ኦፕን ሶርስ። ኦፕን ሶርስ ማለት የሶፍትዌሩ አሠራር የተጻፈበት ኮድ ለሁሉም ክፍት የሆነ፣ ማንም አንብቦ፣ ለውጦ፣ መልሶ ሊያድለው የሚችል ማለት ነው። በገበሬ ቋንቋ ዘሩን ከነጎተራው ሰጡን ማለት ነው። እንዲያውም ላፕቶፑ ላይ አንዲት ቁልፍ ነበረች፤ ሲጫኗት የፕሮግራሙን ምንጭ ኮድ ታሳያለች። የአማርኛ ፊደል ያለበት የቁልፍ ገበታም ተሠርቶለት ነበር።

በሊኑክሱ ላይ የተዘረጋው የልጆች ገጽ «ሹገር» ይባላል። ለመማር እክል ተብሎ የተሠራ አይደለም። ግን አሠራሩን ተመልከቱ። በአንድ ጊዜ ስክሪኑ ላይ አንድ ሥራ ብቻ ይታያል፤ መስኮት በመስኮት አይደራረብም። ትእዛዙ በጽሑፍ ሳይሆን በሥዕል ነው። ልጁ የሠራው ሁሉ ራሱ ይቀመጣል፤ «ሴቭ» ማድረግ ረሳህ ተብሎ አይቀጣም። የተጻፈለትን ቃል በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራምም ነበረው። ከ13 ዓመት በኋላ፣ በ2021፣ የዓለም አቀፉ የድረ ገጽ መሥፈርት አውጪ ድርጅት የመማርና የማስታወስ እክል ላለባቸው ሰዎች የሚስማማ አሠራር ምን እንደሚመስል መመሪያ ሲያወጣ ብዙው ምክር ይኸው ነበር፦ ግልጽ ምልክት፣ ቀላል ገጽ፣ በማስታወስ ላይ የማይጥል፣ ስሕተትን የሚታገሥ። ማለትም ለዚያ ለጓደኛዬ የሚሆነው መሣሪያ ግማሹ ተሠርቶ በራችን ደርሶ ነበር።

ምን ሆነ? በውጭ አገር ባለቤቶቹ ተጣሉ። ኔግሮፖንቴ ከማይክሮሶፍት ጋር ሲስማማ የሶፍትዌሩ መሪ ዋልተር ቤንደር ለቆ ሹገርን ለብቻው ይዞ ወጣ። በእኛ አገር የኔዘርላንድ የግሮኒንገን ተመራማሪዎች ላፕቶፑን ያገኙ ልጆች ነገርን ከነገር በማዛመድ የተሻሉ ሆነው እንዳገኟቸው በ2012 ጻፉ። ፕሮጀክቱ ግን አልሰፋም። ላፕቶፑ ሲሰበር ኮዱም አብሮ ተቀበረ፤ ኮዱ እኮ አይሰበርም ነበር!

በዚያው በ2012 ሌላ ሙከራ መጣ፤ ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ። ለልጆች ሞቶሮላ ታብሌት በፀሐይ ኃይል መሙያ ጋር ያለ አስተማሪ ተሰጣቸው። ልጆቹ በወራት ውስጥ የተዘጋውን ካሜራ ከፍተው መጠቀም መጀመራቸው በዓለም ሁሉ ተወራ። ብዙዎቻችን የማናውቀው፣ ከዚያ ሥራ ጀርባ ከነበሩት አንዷ ሜሪያን ወልፍ መሆኗን ነው፤ ዕድሜዋን ሙሉ ዲስሌክሲያን ያጠናች ምሁር። የመማር እክል ዕውቀትና ክፍት ኦፕሬቲንግ ሲስተም በኢትዮጵያ መንደር ያን ያህል ተቀራርበው ነበር። ግን ንባቡ በእንግሊዝኛ ነበር። ለኦሮሞ ልጅ በማያውቀው ቋንቋ ንባብ ማስተማር፣ ሩዙን ሰጥቶ እንጀራ አትጋግር እንደ ማለት ነው።

ጥፋቱን ግን በፈረንጅ አልጨርስም። እኛስ? የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሠንጠረዥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ ስንተይብ ኖርን። በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ድብልቅልቁ እንደሚወጣ የቢሮ ሠራተኛ የሆነ ሁሉ ያስታውሳል። ምክንያቱም እነዚያ ፎንቶች የላቲን ሆሄ ላይ የአማርኛ ቀሚስ አልብሰው ነበር። ለሚያይ ሰው አማርኛ ነው፤ ለማሽኑ ግን ትርጉም የለሽ ላቲን ነው። ስለዚህ መጽሐፉን ጮክ ብሎ የሚያነብ ፕሮግራም ቢመጣ የሚያነበው ጩኸት ነው። በዓይኑ ማንበብ ላቃተው ልጅ የጆሮውን መንገድ ሁለተኛ ጊዜ የዘጋነው ራሳችን ነን።

የእኛን ሰው በጎ ሥራም ላንሣ። ነፍሷን ይማርና ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ስትከፍት የሚያግዛት መጽሐፍ አልነበረም። ለልጇ ስትል «አቡጊዳ ፎኔቲክስ» የተባለ ከፊደላችን ድምፅ የተነሣ የማስተማሪያ ዘዴ አዘጋጀች። ኦቲዝምና ዲስሌክሲያ አንድ አይደሉም፤ ግን መንገዱን ተመልከቱ፤ የውጭ ዘዴ ከመተርጎም ይልቅ ከአቡጊዳ ጀመረች። ይህች ሴት ሩዙን እንጀራ አደረገችው።

«ልጆች ከትምህርት ቤት በራፍ ርቀው፣ በክልሉ ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቶ አንተ ስለ ሶፍትዌር ታወራለህ?» የሚለኝ ይኖራል። ልክ ነው፤ ሰላም ይቀድማል። ግን ትምህርት ቤቱ ሲከፈት መጀመሪያ የሚወድቀው ማን ነው? ድሮም ወደኋላ የነበረው ልጅ ነው። ደግሞም አዲስ ላፕቶፕ ይምጣ አላልኩም። ወረታ ገበያ ላይ የምታዩት ስልክ አብዛኛው አንድሮይድ ነው፤ አንድሮይድም መሠረቱ ሊኑክስ ነው። ዘሩ ኪሳችን ውስጥ ነው ያለው።

የጎደለው ዘር ያዥ ነው። አማርኛን የሚያነብ «ኢስፒክ ኤንጂ» የተባለ ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ግን ገናን ከገና አይለይም። የሚጠብቀውንና የሚላላውን ቃል ዘርዝሮ የሚያስተካክለው ፈረንጅ አይደለም፤ አማርኛ ተናጋሪ ነው። በየዩኒቨርሲቲው ተማሪ ለመመረቂያ የሚሠራው ሶፍትዌር ከምርቃት በኋላ መደርደሪያ ላይ ይቀራል፤ ደብረ ታቦርና ጎንደር ላይ ተከታዩ ተማሪ የቀደመውን ኮድ ተረክቦ ቢቀጥል በአምስት ዓመት የት በደረስን። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ2005 ጀምሮ የአካል ጉዳተኞችን በየማኅበረሰባቸው የሚደግፍ ፕሮግራም አለው፤ ልጆቹን የሚያውቅ ሰው አለ ማለት ነው። ሕጉም አይከለክልም። ኢትዮጵያ በ2020 የተቀላቀለችው የማራካሽ ስምምነት መጽሐፍን በድምፅ ቀይሮ መስጠትን ለዓይነ ስውር ብቻ ሳይሆን የንባብ እክል ላለበትም ይፈቅዳል።

እስከዚያው አስተማሪ የሆናችሁ አንድ ነገር ማድረግ ትችላላችሁ። የሁለተኛ ክፍሉን የአማርኛ መጽሐፍ በስልካችሁ ጮክ ብላችሁ ቀስ እያላችሁ አንብባችሁ ቅዱ። ልጁ በጣቱ እየተከተለ በጆሮው ይስማ። መጥበቅና መላላቱን ከእናንተ አንደበት በላይ የሚያውቅ ሶፍትዌር የለም።

ያ ጓደኛዬ ዛሬ ጥሩ ሩዝ አምራች ነው። ልጁ ዘንድሮ ሁለተኛ ክፍል ነው። ባለፈው ሳገኘው «እንደኔ ነው መሰለኝ፤ በቃሉ ነው የሚወጣው» አለኝ፤ እየሣቀ። እኔ ግን መሣቅ አልቻልኩም።

ቸር እንሰንብት።