ጐንደርን ያለ ባልደረባ ማየት

በጥንት ዘመን ወደ ጐንደር ቤተ መንግሥት ለሚመጣ የውጭ አገር እንግዳ ባልደረባ ይሰጠው ነበር። ባልደረባ ማለት ዛሬ የሥራ ጓደኛን የምንጠራበት ስም ሳይሆን፥ እንግዳውን ተቀብሎ ጉዳዩን ወደ ንጉሡና ወደ መኳንንቱ የሚያቀርብ፥ ደኅንነቱንም የሚጠብቅ ሰው ነበር። ሥርዓቱ ለእንግዳው ከለላ፥ ለአገሩም ጥበቃ ስለ ነበረ የሚነቀፍ አይደለም። ይሁን እንጂ እንግዳው ከተማይቱን የሚያያት ከቤተ መንግሥቱ በኩል ነበር።

ዛሬ ይህ ሥርዓት ቀርቷል። ነገር ግን ለግማሽ ቀን ጐንደር የሚቆይ መንገደኛ፥ የመንግሥት ሠራተኛም ቢሆን ተማሪም ቢሆን፥ ብዙ ጊዜ ግንቡን ብቻ አይቶ ይመለሳል። በካሪብ ባሕር፥ በባርባዶስ ደሴት፥ በብሪጅታውን ወደብ መርከብ ለጥቂት ሰዓት ሲቆም፥ ከመንገደኞቹ አንዱ በወደቡ ሱቅ ውሎ ይመለሳል፤ ሌላው ግን ብቻውን ወርዶ፥ የስኳር ንግድና የባሮች ጉልበት ያቆማትን አሮጌ ከተማ በእግሩ ያያል። ሁለቱም ብሪጅታውንን አየን ይላሉ፤ ያዩት ግን አንድ አይደለም። በጐንደርም ነገሩ እንዲሁ ነው።

ጐንደር ባሕር ባይኖራት የየብስ ወደብ ነበረች። ዐፄ ፋሲል በ1636 (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) መናገሻቸው ካደረጓት በኋላ፥ ሲራራ ነጋዴዎች ከምጽዋ በዓድዋ በኩል፥ ከስናርም በመተማ በኩል ይመጡባት ነበር። ወርቅ፥ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ይወጣባት፥ የሩቅ አገር ጨርቅ ይገባባት፥ አሞሌ ጨውም እንደ ገንዘብ ይመነዘርባት ነበር። ሰውም እንደ ዕቃ ተሽጦባታልና ይህን መሰወር አይገባም። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ በ1699 ታላቁን ዐፄ ኢያሱን ሊያክም፥ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም በ1770 የዓባይን ምንጭ ሲፈልግ፥ የደረሱባት ከተማ ይህች ናት።

እንግዲህ መንገደኛው ከግንቡ ይጀምር። አጥሩ 900 ሜትር ያህል ይዞራል። ከበሮቹ ወምበር በር ዳኞችን፥ እምቢልታ በር ነፊዎችን፥ አደናግር በር ፈታዮችን፥ ባልደራስ በር የፈረሰኞቹን አለቃ ያስታውሳሉ። በመሥሪያ ቤት ለሚውል ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የመንግሥቱን የሥራ ክፍሎች ዝርዝር በድንጋይ ላይ እንደ ማንበብ ያህል ነው። ዩኔስኮ በ1979 በዓለም ቅርስነት የመዘገበውም ይህንን ነው።

ነገር ግን እዚህ አይቁም። ወደ ጃንተከል ዋርካ ወጥቶ ወደ አራዳና ወደ ፒያሳ ይሂድ። በዚያ የሚያያቸው ፖስታ ቤቱና ሲኒማ ቤቱ ፋሺስት ኢጣልያ ከ1936 እስከ 1941 በቆየችበት ጊዜ የተሠሩ ናቸው። የዚያ ዘመን የከተማ ፕላን ነጩንና ጥቁሩን በየሰፈሩ ለመለየት የታሰበ ነበር። ፕላኑ ሳይፈጸም የኢጣልያ ጦር በኅዳር 1941 እዚያው ጐንደር ላይ እጁን ሰጠ፤ ቤቶቹም ለባለ አገሩ ቀሩ።

ሰውን በሰፈር መለየት ግን ከውጭ ብቻ የመጣ ነገር አይደለም። በ1668 በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተደረገ ጉባኤ እስላሞች ተለይተው እንዲቀመጡ ወስኖ ነበር። ከኮረብታው ቁልቁል ሲወርዱ የሚገኘው አዲስ ዓለም የእነዚያ ሰዎች ሰፈር ነው። ታዲያ የሲራራውን ንግድ በአብዛኛው የያዙት እነርሱ ስለ ነበሩ፥ ወደቡን ያቆመው ሕዝብ ከግንቡ ርቆ ይኖር ነበር ማለት ነው። ከከተማው በስተ ሰሜን በወለቃም ቤተ እስራኤል ብረት ሲቀጠቅጡና ሸክላ ሲሠሩ ኖረዋል፤ የግንበኝነትም ሙያ ነበራቸው። ብዙዎቹ ከ1984 እስከ 1991 ባለው ጊዜ ወደ እስራኤል ሄደዋል። ግንቡን አይቶ ወለቃን ያላየ፥ ቤቱን አይቶ ሠሪውን እንዳላየ ይቈጠራል።

ከተማይቱ ብዙ ጠፍታባታለች። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1866 አቃጠሏት፤ በ1888 ደግሞ የድርቡሽ ጦር አብያተ ክርስቲያናቷን አቃጠለ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ከእሳቱ ከተረፉት ጥቂቶች አንዱ ነው። በድንጋይ ያልተሠራው የነጋዴውና የባለ እጁ ቤት ግን ፈርሷል። ከርሱ የቀረን የሰፈር ስም ነው፤ እጨጌ ቤት፥ አቡን ቤት፥ አዲስ ዓለም። እነዚህን ስሞች የሚጠይቅ ከጠፋ ታሪኩም አብሮ ይጠፋል። ድንጋይ ጠባቂ ይቀጠርለታል፤ ስም ግን የሚጠብቀው ጠያቂው ብቻ ነው።

በቅርብ ዓመታት፥ በ2020 በሰሜን በተነሣው ጦርነት፥ ከ2023 ወዲህም በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት፥ ወደ ጐንደር የሚመጣው እንግዳ ቀንሷል። የመንገዱን ጸጥታ አስቀድሞ መጠየቅም ከብልህ ሰው ይጠበቃል። ስለዚህም በሥራ ወይም በትምህርት ምክንያት የምንደርስባት እኛው ዜጎቿ ኃላፊነታችን በዝቷል። ለስብሰባ የሄደ ባለሥልጣን ከስብሰባው በኋላ ያለችውን ሰዓት በእግሩ ይጠቀምባት። ተማሪዎቹን ይዞ የሚሄድ መምህርም ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ሰፈር ሰጥቶ፥ ስሙ ከምን እንደ መጣ ከሰፈሩ አዛውንት ጠይቆ እንዲጽፍ ይዘዘው። በዚህ ሁኔታ የጥንቱ ባልደረባ ፈጽሞ አልቀረም እንላለን፤ ዛሬ እንግዳውን የሚመራው የሰፈሩ ሰው ነውና።