ብርን በአሜሪካ የጡረታ ሒሳብ ማስቀመጥ፡ ምርጫዎቹና ወጪያቸው

አሜሪካ ውስጥ ሠርተው ገቢ የሚያገኙ ሰዎች፣ በዚያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን ጨምሮ፣ አይአርኤ በሚባለው የግል የጡረታ ሒሳብ መቆጠብ ይችላሉ፡፡ በዚህ ሒሳብ አክሲዮንና ቦንድ ብቻ ሳይሆን ብርም፣ ማለትም ማዕድኑ ራሱ፣ ሊገዛ ይችላል፡፡ ጥያቄው ብሩ የት ይቀመጥ የሚለው ነው፡፡ መልሱን የተሳሳተ ሰው ለዓመታት ባጠራቀመው ገንዘብ ላይ ግብርና ቅጣት ሊመጣበት ይችላል፡፡

ምን ዓይነት ብር?

እ.ኤ.አ. በ1997 በወጣው የግብር ሕግ መሠረት ወደ ሒሳቡ የሚገባ የብር ጡብ ቢያንስ 99.9 በመቶ ንጹሕ መሆን አለበት፡፡ የአሜሪካው ኢግልና የካናዳው ሜፕል ሊፍ የብር ሳንቲሞች ይህን ያሟላሉ፡፡ በአገራችን በየቤቱ በቅርስነት የሚገኘው የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ግን ንጽሕናው 83.3 በመቶ ገደማ በመሆኑ አይገባም፡፡ ከዚህም ሌላ ዓመታዊው መዋጮ በጥሬ ገንዘብ ብቻ ስለሚደረግ፣ አስቀድሞ በእጅ ያለን ብር ወደ ሒሳቡ ማስገባት አይቻልም፡፡

የት ይቀመጥ?

ሕጉ ብሩ በባንክ ወይም የአሜሪካ የገቢዎች መሥሪያ ቤት በፈቀደለት ባለአደራ ተቋም እጅ እንዲሆን ያዛል፡፡ ከዚህ በመነሣት ሦስት አማራጮች አሉ፡፡

አንደኛው በካዝና ለብቻ ተለይቶ መቀመጥ ነው፡፡ ባለቤቱ የገዛቸው ሳንቲሞችና ጡቦች ራሳቸው ተመልሰው ይሰጡታል፤ ክፍያው ግን ከፍ ይላል፡፡

ሁለተኛው ከሌሎች ደንበኞች ንብረት ጋር ተደባልቆ መቀመጥ ነው፡፡ ወጪው ይቀንሳል፤ ባለቤቱ የሚያገኘው ግን ተመሳሳይ ዓይነትና መጠን ያለው ብር እንጂ የራሱን አይደለም፡፡ ተራ ጡብና ሳንቲም ለገዛ ሰው ይህ ልዩነት እምብዛም አይጎዳውም፡፡

ሦስተኛው በአክሲዮን ገበያ የሚሸጥ፣ በካዝና ባለ ብር የተደገፈ ፈንድ መግዛት ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2006 የተቋቋመው አይሼርስ ሲልቨር ትረስት ለዚህ ምሳሌ ነው፡፡ የካዝና ውል የለም፤ መግዛትና መሸጥም ቀላል ነው፡፡ ይሁን እንጂ ተራው ባለድርሻ ብሩን በእጁ ሊረከብ አይችልም፡፡

ቤት ውስጥ ማስቀመጥስ?

"ብርዎን በቤትዎ ካዝና ያኑሩ" የሚሉ ማስታወቂያዎች አሉ፡፡ እ.ኤ.አ. በ2021 የአሜሪካ የግብር ፍርድ ቤት በሒሳቧ ባቋቋመችው ኩባንያ በኩል የኢግል ሳንቲሞች ገዝታ ቤቷ ያስቀመጠች ሴት ገንዘቡን ከጡረታ ሒሳቧ እንዳወጣች ትቆጠራለች ሲል ወስኗል፡፡ እንዲህ ሲሆን የብሩ ዋጋ ገቢ ተብሎ ግብር ይከፈልበታል፤ ዕድሜው ከ59 ዓመት ተኩል በታች የሆነ ሰው በአብዛኛው 10 በመቶ ተጨማሪ ይቀጣል፡፡

ወጪውን ማስላት

ብር ወለድም ሆነ የትርፍ ድርሻ አይከፍልም፤ ክፍያዎቹ ግን በየዓመቱ ይቀጥላሉ፡፡ የባለአደራው ክፍያ፣ የካዝና ኪራይና ሻጩ ከገበያ ዋጋ በላይ የሚጨምረው ተደምረው መታየት አለባቸው፡፡ በተመሳሳይ ዋጋ የሚገዛ ብር ከወርቅ እጅግ የበለጠ ቦታ ይይዛል፤ አንድ ባለ 1,000 አውንስ ጡብ ብቻ 31 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፡፡ ክፍያው ቁርጥ ከሆነ አነስተኛ ሒሳብ ያለውን፣ በመቶኛ ከሆነ ደግሞ ብዙ ያለውን ሰው ይጫናል፡፡

ዋጋውም አይረጋም፡፡ የአንድ አውንስ ብር ዋጋ እ.ኤ.አ. በ1980 እና በ2011 ወደ 50 ዶላር ተጠግቶ ሁለቱንም ጊዜ አሽቆልቁሏል፡፡ በመጋቢት 2020 ከ12 ዶላር በታች ወርዶ ነበር፤ በጥቅምት 2025 ደግሞ 50 ዶላርን አልፏል፡፡

ስለዚህ ብሩን በአካል መረከብ ለማይፈልግ ሰው ፈንዱ ብዙ ጊዜ ይቀላል፡፡ ጡረታ ሲወጣ ማዕድኑን በእጁ ማግኘት የሚፈልግ ደግሞ ውል ከመፈረሙ በፊት ባለአደራው የተፈቀደለት መሆኑን ያረጋግጥ፤ የሁሉንም ክፍያ ዝርዝር በጽሑፍ ይጠይቅ፤ ሻጩ ብሩን መልሶ በስንት እንደሚገዛም አስቀድሞ ይወቅ፡፡