የከፍተኛ ኮንትራስት ትዕይንት በጥቁርና ነጭ ፊልም፦ አነሳሱና አጠባው

ከፍተኛ ኮንትራስት ያለው ትዕይንት የሚባለው ጥላውና ብርሃኑ እጅግ የተራራቁበት ነው። የቀትር ፀሐይ የመታው ነጭ ግድግዳና የጨለመ የቤት ውስጥ ክፍል በአንድ ፎቶ ሲገቡ ጥሩ ምሳሌ ይሆናሉ። እንዲህ ያለውን ትዕይንት በጥቁርና ነጭ ፊልም የሚያነሳ ባለሙያ ሁለት ነገሮችን አያይዞ ይወስናል፦ ፊልሙ ምን ያህል ብርሃን እንደሚያገኝና ለምን ያህል ጊዜ እንደሚታጠብ። የቆየው የሙያው መርህ ብርሃኑ በጥላው፣ አጠባው በብሩሁ ክፍል ይወሰን የሚል ነው።

ምክንያቱ

ፊልሙ የሚታጠብበት ኬሚካል፣ ዴቬሎፐር፣ ብርሃን የነካውን የፊልሙን የብር ጨው ወደ ጥቁር ብር ይለውጠዋል። ጥላው ያረፈበት የኔጋቲቭ፣ ማለትም ብርሃንና ጥላው ተገላብጦ የሚታይበት ፊልም፣ ክፍል ያገኘው ብርሃን ትንሽ ስለሆነ ለውጡ ቶሎ ያበቃል። ብዙ ብርሃን ያገኘው ክፍል ግን አጠባው በረዘመ ቁጥር እየጠቆረ ይሄዳል። ስለዚህ የአጠባ ጊዜ ይበልጥ የሚገዛው ብሩሁን ክፍል ነው፤ ፊልሙ ያልያዘውን የጥላ ዝርዝር የትኛውም አጠባ አያመጣውም። ይህን የብርሃን መጠንና የኔጋቲቭ ጥቁረት ዝምድና በልኬት ያጠኑት በእንግሊዝ የሠሩት ፈርዲናንድ ኸርተርና ቬሮ ድሪፊልድ ሲሆኑ፣ ጥናታቸው በ1890 እ.ኤ.አ. ታትሟል።

ዞን ሲስተም

አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ አንሰል አዳምስ ከፍሬድ አርቸር ጋር በ1940 እ.ኤ.አ. ገደማ በሎስ አንጀለስ ይህን እውቀት ለሜዳ ሥራ የሚመች ሥርዓት አደረጉት። ከድፍን ጥቁር እስከ ንጹሕ ነጭ ያለው እርከን ከ0 እስከ 10 በዞን ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ዞን ከበታቹ በእጥፍ፣ ማለትም በአንድ ስቶፕ፣ ይበራል። ዞን 5 መካከለኛ ግራጫ ነው፤ ዝርዝሩ የሚታይ ጥላ ዞን 3 ላይ፣ ዝርዝሩ የሚታይ ነጭ ዞን 8 ላይ ይውላል።

የብርሃን መለኪያ የተነጣጠረበትን ሁሉ እንደ መካከለኛ ግራጫ ይቆጥራል። ጥላው ላይ ተለክቶ በኤፍ 8 የሰከንድ 1/30 ቢያሳይ፣ ጥላውን ወደ ዞን 3 ለማውረድ ሁለት ስቶፕ ተቀንሶ በ1/125 ይነሳል። ቀጥሎ ብሩሁ ክፍል ይለካል። ከጥላው በ5 ስቶፕ ከበለጠ ዞን 8 ላይ ስለሚያርፍ መደበኛው አጠባ ይበቃዋል። በ6 ስቶፕ ከበለጠ ግን ዞን 9 ይደርሳል፤ ወደ 8 የሚመልሰው አጠር ያለ አጠባ ነው።

አጠባን ማሳጠር

ለአንድ ዞን ቅነሳ ብዙዎች የሚነሱት ከመደበኛው ጊዜ 20 በመቶ ያህል በመቀነስ ነው፦ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 10 ደቂቃ የሚፈጀው 8 ደቂቃ ይሆናል። ትክክለኛው ልክ በየፊልሙና በየዴቬሎፐሩ በሙከራ ይገኛል። ያጠረ አጠባ ጥላውንም በመጠኑ ስለሚያሳሳ፣ ሲነሳ ግማሽ ስቶፕ ያህል ብርሃን መጨመር ይገባል። ጀማሪ ብሩሁን ለማዳን ብርሃን ይቀንሳል፤ ጥላውም ባዶ ይቀራል። ትክክለኛው መንገድ ብርሃን ጨምሮ አጠባ መቀነስ ነው። ዴቬሎፐሩን በውኃ ማቅጠንና ፊልሙን እምብዛም አለማነቃነቅም ይረዳሉ፤ በብሩሁ ክፍል ያለው ዴቬሎፐር ቶሎ ሲዳከም በጥላው ያለው ሥራውን ይቀጥላልና።

የሄርናንዴዝ ጨረቃ

አዳምስ በ1941 እ.ኤ.አ. በኒው ሜክሲኮ፣ በሄርናንዴዝ መንደር ላይ የወጣችውን ጨረቃ ሲያነሳ ፀሐይዋ የመንደሩን የመቃብር መስቀሎች ልትለቅ ጥቂት ቀርቷት ነበር። የብርሃን መለኪያውን ፈልጎ አጣው። የጨረቃዋን ብርሃን መጠን ግን ያውቅ ስለነበር ዞን 7 ላይ አስቀምጦ አሰላ፤ በፊልተር፣ በኤፍ 32 ለ1 ሰከንድ አነሳ። ኔጋቲቩን በቀጠነ ዴቬሎፐርና በውኃ እያፈራረቀ አጠበው። ሆኖም የፊት ለፊቱ መሬት ስስ ሆኖ ስለቀረ፣ ከዓመታት በኋላ ያን ክፍል በኬሚካል አጠነከረው። ፎቶው ከታወቁት ሥራዎቹ አንዱ ነው።

ገደቦቹ

በነጠላ የሚነሳ ትልቅ ፊልም ለየብቻው ይታጠባል። የ35 ሚሊሜትር ጥቅል ግን 36ቱም ፎቶዎች አንድ አጠባ ስለሚጋሩ፣ አንዱን ጥቅል ለአንድ ዓይነት ብርሃን መለየት ይሻላል። አጠባው ከልክ በላይ ካጠረም መካከለኛዎቹ ግራጫዎች ተመሳስለው ምስሉ ይፈዛል፤ የቀረውን ልዩነት ለስላሳ ደረጃ ባለው ወረቀት ማስተካከል ይመረጣል። ጥርጣሬ ሲኖር ለኔጋቲቭ ፊልም ብርሃን ማብዛት ከማሳነስ ይሻላል፦ የጠቆረ ኔጋቲቭ ሲታተም ብርሃን ተጨምሮለት ዝርዝሩን ይሰጣል፣ ባዶ ጥላ ግን የሚሰጠው የለውም።