ኽምራ፦ ከጉሮሮ የሚወጣ ስም

አንዳንድ ቃል ትርጉሙን ሳያውቁት እንኳ አፍ ላይ ይጣፍጣል። «ዋግሹም» በሉ፤ ከንፈር በ«ዋ» ሞጥሞጥ ብሎ ይጀምርና በ«ም» ይገጠማል። በዚህ ማዕረግ ይጠሩ የነበሩት ዋግሹም ጎበዜ በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ማዕረጉ ቀረ።

«ሰቆጣ» በሉ፤ «ቆ» እና «ጣ» ተከታትለው ይፈነዳሉ።

«ኽምራ» ግን ይፈትናል። ብዙው አማርኛ ተናጋሪ «ህምራ» ብሎ ያልፈዋል፤ የአገሬው ሰው «ኽ»ን ከጉሮሮው ይስባታል። ድምፅዋ ከአገው ቋንቋዎች አንዱ የሆነው የኽምጣና ናት። ቋንቋው ዛሬ በዋግ ኽምራ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ይሰጣል።

ማዕረግ በአዋጅ ይሻራል። ድምፅ ግን የሚጠፋው ልጆች አፋቸውን ሳይፈቱበት ሲቀሩ ነው። ስሙን ስትጠሩ «ኽ»ን አትዝለሏት።