«የስም ዝርዝሩን ስጡን!» - የ1916ቱ የቱርኪስታን ሙስሊሞች እምቢታ



ሰመርቀንድ ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታወሰን ሰማያዊ ጉልላት ያላቸው መድረሳዎችና በአቅራቢያዋ የሚገኘው የኢማም አል-ቡኻሪ ቀብር ነው። ዛሬ ከዚያው ምድር ብዙም የማይወራ ታሪክ ይዘንላችሁ መጥተናል። ንጉሥ ወጣቱን ለጦርነት ሲጠራ፣ ሕዝቡ ደግሞ «ልጆቻችንን አንሰጥም» ሲል ምን እንደሆነ የሚናገር ታሪክ ነው።

ዘመኑ እ.ኤ.አ 1916 ነው። በእኛ አገር ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሊወርዱ ሦስት ወር እንኳ አልቀራቸውም። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሁለተኛ ዓመቱን እያገባደደ ነው። የሩሲያው ዛር ኒኮላስ ሁለተኛ ወታደሩ አልቆበታል፤ ከኋላ ምሽግ የሚቆፍርና መንገድ የሚሠራ ጉልበትም አጥቷል።

ሩሲያ ታሽከንትን በ1865፣ ሰመርቀንድን በ1868 በጦር ይዛ ቱርኪስታን የምትባለውን ሰፊ የሙስሊም ምድር ትገዛ ነበር። ታክስ ትሰበስባለች፣ ጥጥ ታስመርታለች፣ መሬት ወስዳ ለሰፋሪዎች ትሰጣለች። አንድ ነገር ግን አታደርግም ነበር፤ የአገሩን ሙስሊም ለውትድርና አትጠራም። ለሃምሳ ዓመት ያህል የቆየ አካሄድ ነው። ሕዝቡም ይህን በእርሱና በገዢው መካከል እንዳለ ቃል ኪዳን ይቆጥረው ነበር።

በጁላይ 8 ቀን 1916 ያ ሁሉ በአንድ ትእዛዝ ፈረሰ። ዛሩ ዕድሜያቸው ከ19 እስከ 43 የሆኑ ወንዶች ከጦር ግንባር ጀርባ ለጉልበት ሥራ እንዲሄዱ አዘዘ። ከቱርኪስታን ብቻ ከ200 ሺህ በላይ ሰው ተፈለገ። ወቅቱን ልብ በሉ፦ ረመዳን ነው። ገበሬው እየጾመ ጥጡን የሚንከባከብበት ጊዜ ነው። ሩሲያ ደግሞ የምትወጋው ጀርመንን ብቻ ሳይሆን የዑስማንያውን ሱልጣን ጭምር ነው፤ ያን ጊዜ ብዙ ሙስሊም ኸሊፋዬ የሚለውን። «ለሥራ ብቻ ነው የምትሄዱት» ቢባልም የሚያምን ጠፋ።

ሕዝቡን ያነደደው ግን ትእዛዙ ብቻ አልነበረም። ከትእዛዙ የባሰው የስም ዝርዝሩ ነበር።

በቱርኪስታን ሙስሊሙ የሚመዘገብበት የልደት መዝገብ አልነበረም። ማን 19 ዓመት እንደሞላው፣ ማን 43 እንዳለፈው በወረቀት የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ዝርዝሩን የማዘጋጀት ሥራ ለየአካባቢው ሹሞችና ሽማግሌዎች ተሰጠ። ትእዛዙ ሰው ቀጥሮ በምትክ መላክንም ይፈቅድ ነበር። የሆነውን መገመት አይከብድም። ገንዘብ ያለው ከፈለና ስሙ ወጣ፤ ወይም ድሃ ቀጥሮ በልጁ ፈንታ ላከ። የሌለው ልጅ ዕድሜው ባይደርስም ገባ። የሩቅ ዛር ያዘዘውን ግፍ የሚፈጽመው የቅርብ ጎረቤት ሆነ።

በደርግ ዘመን አፈሳን ያዩ አባቶቻችንና እናቶቻችን ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልጋቸውም።

መጀመሪያ የተነሳችው ኹጀንድ ናት። ጁላይ 17 ቀን ሰዉ ተሰብስቦ ዝርዝሩ እንዲቆም ጠየቀ። መልሱ ጥይት ነበር። ከዘጠኝ ቀን በኋላ የጂዛኽ ከተማ ሕዝብ «የስም ዝርዝሩን ስጡን» ብሎ ወጣ። እዚያ ነገሩ ከእጅ ወጣ፤ የአውራጃው አዛዥ ኮሎኔል ሩኪን ተገደለ፣ የባቡር ሐዲድ ተነቀለ፣ የቴሌግራፍ ሽቦ ተቆረጠ። የቅጣት ጦር ተላከና አሮጌዋን ጂዛኽ አወደማት።

እሳቱ ወደ ካዛኽና ኪርጊዝ ምድር ተዛመተ። በቱርጋይ አማንገልዲ ኢማኖቭ የሚባል መሪ ፈረሰኞች አሰባስቦ ለወራት ተዋጋ። በኢሲክ ኩል ሐይቅ ዙሪያ ደግሞ መሬታቸው ለሰፋሪ የተወሰደባቸው ኪርጊዞች ተነሱ። እዚህ ላይ እውነቱን ሳንሸፍን መናገር አለብን። በዚያ አመጽ ዛሩን በዓይናቸው አይተው የማያውቁ የሩሲያ ገበሬዎች፣ ሴቶችና ሕፃናት ሳይቀሩ በብዛት ተገድለዋል። የተበደለ ሰው ቁጣውን ባልበደለው ላይ ሲያወርድ እርሱም በዳይ ይሆናል። ዙልም በዙልም አይጠፋም።

የመጣው ቅጣት ከዚያ ሁሉ የከፋ ነበር። መንደሮች ተቃጠሉ። ኪርጊዞች ቤተሰባቸውንና ከብታቸውን ይዘው የቲየን ሻንን ተራሮች እያቋረጡ ወደ ቻይና ሸሹ። በበረዶው መተላለፊያ፣ በረሃብና በጥይት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ አለቁ። ኪርጊዞች ይህን ስደት እስከ ዛሬ «ኡርኩን» ይሉታል።

ሌላ መንገድ የመረጡም ነበሩ። አሊኻን ቡከይኻኖቭና አኽመት ባይቱርሲኖቭን የመሳሰሉ፣ «ቃዛቅ» በተባለው ጋዜጣ ዙሪያ የነበሩ የካዛኽ ምሁራን ሕዝቡን «ባዶ እጃችሁን መድፍ አትግጠሙ» ብለው መከሩ፤ መንግሥትንም ጥሪው ለጊዜው እንዲዘገይ ለመኑት። ብዙዎች ፈሪ፣ ሻጭ አሏቸው። ቡከይኻኖቭ ግን መክሮ ዝም አላለም። የተወሰዱት ወጣቶች ወዳሉበት ወደ ምዕራቡ ግንባር ሄዶ፣ ቋንቋ በማያውቁበት አገር እንዳይጠፉና እንዳይበደሉ ይረዳቸው ነበር። ማን ልክ ነበር? ፍርዱን ለእናንተ እንተወዋለን። አንድ ነገር ግን ግልጽ ነው፦ «ሂዱ» ብሎ መክሮ ቤቱ የተቀመጠና አብሮ የሄደ ሰው እኩል አይደሉም።

በዓመቱ መጨረሻ፣ ታሽከንት ያደገው አሌክሳንደር ኬረንስኪ ቦታው ድረስ ሄዶ ያየውን በሩሲያ ምክር ቤት ተናገረ። ጥፋቱ የሕዝቡ ብቻ እንዳልሆነ፣ ትእዛዙ ሕግን ያልተከተለና አፈጻጸሙም የተበላሸ እንደነበር አስረዳ። ከወራት በኋላ፣ በ1917 መጀመሪያ፣ ዛሩ ራሱ ከዙፋኑ ወረደ። አዲሱ መንግሥት ጥሪውን አቆመ፤ ለአመጸኞቹም ምሕረት ሰጠ። በተራራው በረዶ ውስጥ ለቀሩት ግን ዘገየ።

ወንድሞችና እህቶች፤ ይህን ታሪክ ስናነብ ዓይናችን ቶሎ የሚሄደው ፈረስና ጎራዴ ወደያዙት ጀግኖች ነው። እኛ ግን ዓይናችሁን ብዕር ይዞ ስም ወደሚጽፈው ሽማግሌ እንድትመልሱት እንፈልጋለን። ያ ሰው ሙስሊም ነበር። የጻፋቸውን ልጆች አባቶች ያውቃቸዋል፤ በጁምዓ በአንድ ሶፍ ይሰግዳሉ። የሀብታሙን ልጅ ስም ሲሰርዝና የመበለቲቱን ልጅ ሲጽፍ ዛሩ አጠገቡ አልቆመም ነበር።

ከእናንተ መካከል ብዙዎቻችሁ ነገ ቀበሌ፣ መሥሪያ ቤት፣ ማኅበር ውስጥ ትሠራላችሁ። የእርዳታ ይሁን የቤት ምዝገባ፣ የሥራ ይሁን የዘመቻ፣ አንድ ቀን የስም ዝርዝር እጃችሁ ላይ ይወድቃል። ያ ወረቀት አማና ነው። የጂዛኽ ሰዎች አደባባይ ወጥተው መጀመሪያ የጠየቁት የዛሩን ዙፋን አልነበረም። የጠየቁት ያንን ወረቀት ነው።

ለሞቱት አላህ ይዘንላቸው። ወላሁ አዕለም።