ተከዜ ሐይቅ ሲሆን ዓሣው ምን ሆነ?

ሰቆጣ ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ድርቅ ነው። ታሪክ የሚወድ ሰው የድሮውን የአሞሌ ጨው ገበያ ወይም ውቅር መስቀለ ክርስቶስን ይጨምርበት ይሆናል። ዓሣ የሚል ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። እኔ ዛሬ የማወራችሁ ስለ ዓሣ ነውና ታገሡኝ።

ዋግ ጨርሶ ውኃ የሌለው አገር አይደለም። ችግሩ ውኃው ከሰው ርቆ፣ በገደል ሥር ማለፉ ነው። ተከዜ ከላስታ ተነሥቶ ዋግን በምዕራብ በኩል እየታከከ ይወርዳል፤ ሸለቆው በአንዳንድ ቦታ ከ2000 ሜትር በላይ ይጠልቃል። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት እ.ኤ.አ. በ1810 በአበርገሌ በኩል ወደ ወንዙ ወርዶ ጉማሬ ሲያድን ነበር። በ1977ቱ ረሃብ ክፉኛ ከተጎዱት አገሮች አንዱ ዋግ ነው። ያን ጊዜም ተከዜ ከታች ይፈስ ነበር።

የድሮው ተከዜ ጠባዩ ሁለት ነው። ክረምት ሲገባ ደፍርሶ ይሞላል፣ በጋ ሲሆን ቀጥኖ ኩሬ ኩሬ ይሆናል። የወንዙ ዓሣም ኑሮውን በዚህ ልክ የሰፋ ነው። በሳይንስ ስማቸው ላቢዮባርበስ የሚባሉትንና በጣና ዙሪያ ነጭ ዓሣ የምንላቸውን ውሰዱ። አብዛኞቹ ክረምት ሲመጣ ወደ ገባር ወንዞች ሽቅብ ይወጣሉ። እንቁላላቸውን የሚጥሉት ውኃ በሚንሿሿበት ጠጠር ላይ ነው፤ ጠጠሩ በደለል ከተሸፈነ እንቁላሉ አየር አጥቶ ይሞታል። ይህን በደንብ ያወቅነው ከጣና ነው። ጉማራንና ርብን ወደመሳሰሉት ገባሮች ሲወጡ አፍ ላይ መረብ እየጠበቃቸው፣ በ1980ዎቹና 1990ዎቹ ቁጥራቸው ክፉኛ አሽቆልቁሏል።

ቆሮሶ ግን ሌላ ፍጥረት ነው። ወንዱ ዳር ዳሩን፣ ጥልቀት በሌለው ውኃ አሸዋ ቆፍሮ ጎጆ ይሠራል፤ ሴቷ እንቁላሉንም ጫጩቱንም በአፏ ይዛ ታሳድጋለች። (እናትነት ማለት ይኼ ነው! ያን ሰሞን ምግብ የሚባል ነገር እምብዛም አትቀምስም።) አምባዛ ደግሞ ውኃ ሞልቶ የዳሩን ሣር ሲያጥለቀልቅ እዚያ ይራባል፤ ከአየርም መተንፈስ ስለሚችል በቀላሉ አይሞትም።

እንግዲህ በዚህ መሐል ግድቡ መጣ። ግንባታው የተጀመረው በ1994 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ ሥራው በቻይና ኩባንያ ተሠርቶ በኅዳር 2002 ዓ.ም. ተመረቀ። ቁመቱ 188 ሜትር፣ የማመንጨት አቅሙ 300 ሜጋ ዋት ነው። የተሠራው ለመብራት ነው እንጂ ለዓሣ አይደለም፤ ለዚህም ማንም አይወቀስም። ዓሣው ግን መንገዱ ተዘጋ፤ 188 ሜትር ዘልሎ የሚያልፍ ዓሣ የለም። ከግድቡ ኋላ ከ9 ቢሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ውኃ የሚይዝ፣ 70 ኪሎ ሜትር ያህል የተዘረጋ ሐይቅ ተፈጠረ። ገደል ሲያይ የኖረ የአበርገሌ፣ የዝቋላና የሳህላ ሰው በአንድ ትውልድ ውስጥ የሐይቅ ዳር ሰው ሆነ። ፍየል አርቢ የነበረው ወጣት ተደራጅቶ መረብ ጣለ። ሰቆጣም የዓሣ ገበያ አየች።

ለቆሮሶና ለአምባዛ መልካም ዘመን መጣ። ወራጅ ውኃ ለሚፈልገው ግን የቀረው ተስፋ ከላይ ያለው ወንዝና ጸላሪን የመሳሰሉ ገባሮች ናቸው። እነሱም ከተራቆተው የዋግ ተራራ የሚያጥቡትን አፈር ይዘው ነው የሚወርዱት።

የቆሮሶ ሠርግም ቢሆን ሙሉ አይደለም። ሐይቁ ክረምት ሞልቶ፣ ተርባይን ሲዞር በጋውን ይቀንሳል። ከያዘው ውኃ ከግማሽ በላይ ለማመንጨት ሊወርድ ይችላል፤ በከፍታ ሲለካ አሥር ሜትሮች የሚቆጠሩበት መውጣትና መውረድ ነው። ሐይቁ ገደል ላይ ስለተቀመጠ ደግሞ ጥልቀት የሌለው ዳር ጠባብ ነው። ውኃው በፍጥነት ከሸሸ ጎጆው ደረቅ መሬት ላይ ይቀራል፤ በዚህ ከፍታና ዝቅታ ዳሩ ላይ ሣርም አይጸናም። በእኔ እይታ የዓሣ ልማት ሲባል ሁልጊዜ ስለ መረብ ቀዳዳ ስፋትና ስለ ጀልባ ብቻ መወራቱ የጎደለው ይህ ነው። መረብ የሚጥለውን እንቆጣጠራለን፤ ውኃ የሚለቀው ሰው ከዓሣው ጋር ጉዳይ ያለው አይመስለንም። ጣና ላይ ከጨረጨራ ማገጃ በኋላ፣ በ1995 ዓ.ም. ሐይቁ ያለ ልክ ሲጎድል የታየው ጣጣ ትምህርት ሊሆነን ይችል ነበር።

ለምን ይሄን ያህል ታስጨንቀናለህ የሚል አይጠፋም። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማጥፋት ቃል ሲገባ፣ ቃሉን የሰቆጣ ቃል ኪዳን ብሎ ሰየመው። ሥራውም መጀመሪያ የተሞከረው በዚሁ በተከዜ ተፋሰስ ባሉ የአማራና የትግራይ ወረዳዎች ነው። ለሚቀነጭር ልጅ የሚያስፈልገው ፕሮቲን እዚያው፣ ከቤቱ ቁልቁል ውኃ ውስጥ እየዋኘ ነው። በ2013 ዓ.ም. የጀመረው ጦርነት ሁለቱንም ዳር ሲያዳርስ ይህን የሚያስታውስ አልነበረም።

አንድ ቀላል ነገር ግን ማድረግ ይቻላል። ግድቡ ላይ የውኃው ከፍታ ይለካል። ውኃው መቼና በምን ፍጥነት እንደሚወርድ ለሳህላና ለአበርገሌ አሥጋሪዎች አስቀድሞ ይነገር፤ ቆሮሶ ጎጆ በሚሠራበት ሰሞንም መብራቱ በሚፈቅደው ልክ ቀስ ብሎ ይውረድ። ለዚህ አዲስ ግድብ አያስፈልግም፤ ስልክ ይበቃል።